«ማን ጻፈልሽ?»

(ደሴ ላይ በተዘጋጀ የንባብ ቀን የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የከተማችን አስተዳደር ተወካዮች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ ወዳጆቼ፤ እንደምን ዋላችሁ? ከኮምቦልቻ የመጣችሁትን ማንም ሳይነግረኝ ከዚህ ሆኜ እለያችኋለሁ፤ ጋቢ አልያዛችሁም። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ምን አላት ብላችሁ በሸሚዝ ትመጡና የጦሳ ተራራ ብርድ ልክ ያገባችኋል። አብሽሩ፣ ንግግሬ አጭር ነው። እርግጥ እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ቶሎ ሲወርድ አይቼ አላውቅም።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ንባብና ወጣቱ ትውልድ» ይላል። እመለስበታለሁ፤ ሰዓት ከተረፈ። መጀመሪያ ግን እስቲ ሁላችሁም ከኋላዬ የተሰቀለውን ባነር ተመልከቱልኝ። ምን ይላል? «ታዋቂዋ አርቲስት»። ፎቶውም የድራማው ነው፤ ቅንድቤ የተሳለበት፣ ዓይኔ ሰው ሊበላ የሚያፈጥበት። የጠራችሁኝ ለመጽሐፍ ነው፤ የመጣሁት ለመጽሐፍ ነው፤ በሩ ላይ ተደርድሮ የሚሸጠውም መጽሐፍ ነው። ይኼ ሁሉ ጨርቅ ተዘርግቶ «ደራሲ» የምትለው ቃል፣ ሦስት ፊደል፣ ቦታ አጣች። አዘጋጆቹን አልቀየምም፤ ሲለፉ አይቻለሁ። ነገር ግን ሦስቷን ፊደል ሳላስመልስ ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ድራማውን ታስታውሳላችሁ። አራት ዓመት ሙሉ እንጀራ እናት ነበርኩ። በአንዱ ክፍል ላይ የባሌን ልጅ በበርበሬ አጠንኩት። በርበሬ የተባለው ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ነው፤ ጭሱ የዕጣን ጭስ ነው፤ ልጁም ቀረጻው እንዳለቀ ለስላሳ ተገዝቶለት ሲፈነድቅ ነበር። እሱን ግን እኛ ነን የምናውቀው። ክፍሉ በታየ በሳምንቱ እናቴን ልጠይቅ ደሴ መጣሁ። «በርበሬ አልቆብኛል፣ እስቲ ሰኞ ገበያ ወረድ በይልኝ» አለችኝ። ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ወረድኩ።

አንዲት እናት ዛላውን ጆንያ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። «እናቴ፣ ስንት ነው?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። አየችኝና ሚዛኗን ከፊቷ አንሥታ ከኋላዋ አስቀመጠችው።

«ላንቺ አልሸጥም።»

«ምነው?»

«ምነው ትላለች ደግሞ! አሁንስ ማንን ልታጥኚበት ነው?»

ሰው ከበበን። ደሴ ላይ ሰው ለመሰብሰብ ማስታወቂያ አያስፈልግም። ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤቷ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ «በሽንኩርት አይታጠንም፣ እኔ ልሽጥላት» አለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «እሱስ ቢሆን ዓይን አያስለቅስም?» አለቻት። ሽንኩርቱም ቀረብኝ። ላስረዳ ሞከርኩ። «እናቴ፣ ድራማ እኮ ነው። የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው። እሱ ይጽፋል፣ እኔ የተጻፈልኝን እናገራለሁ።»

«ካፍሽ ወጥቷል አልወጣም?»

«ወጥቷል።»

«በእጅሽ አጥነሽዋል አላጠንሽውም?»

«አጥኜዋለሁ፤ ግን...»

«እንግዲያማ ያንቺ ነው!»

ሽማግሌ አልተቀመጠ፣ ዳኛ አልተሰየመ፣ ፍርድ ተሰጠ። ባዶ ዘንቢል ይዤ ዳገቱን ወጣሁት። እናቴ ነገሩን ስትሰማ እስክትደክም ሳቀችና ነጠላዋን አጣፍታ ራሷ ወረደች። ሁለት ኪሎ ዛላ ይዛ ተመለሰች። ሻጯን ምን እንዳለቻት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ያንን ፍርድ ተቀብዬዋለሁ። ተዋናይ ማለት ሌላው የጻፈውን ክፋት ተሸክሞ ገበያ የሚወርድ ሰው ነው። እንጀራዬ ነበር፤ አላማረርኩም።

ቀረጻ ላይ ውላችሁ የማታውቁ ሰዎች ትወና ማልቀስና መሳቅ ይመስላችኋል። መጠበቅ ነው። ጄነሬተር ይጠበቃል፤ ዝናብ እስኪያባራ ይጠበቃል፤ የጎረቤት ውሻ ዝም እስኪል ዳይሬክተሩ፣ ካሜራው፣ መብራት ያዡ፣ ሁሉም ውሻ ይጠብቃል። እኔ በዚያ ሰዓት ባለ 50 ሉክ ደብተር አውጥቼ እጽፋለሁ። ሜካፕ የምትሠራልኝ ልጅ ወጪዬን የምመዘግብ መስሏት «እንዴት ቆጣቢ ነሽ!» ትለኝ ነበር። በአራት ዓመት ሰባት ደብተር ሞላሁ።

ደብተሮቹን የሰጠሁት ለእናቴ ነው። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ሌሊት በኩራዝ፣ ልጅ በጀርባዋ አዝላ። በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምታነበው። ሰባቱን ደብተር አንብባ ስትጨርስ ምን እንደምትለኝ እየተንቀጠቀጥኩ ስጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ይቺ ሴትዮ ሐሙስ ቀን ሰኞ ገበያ የወረደችው ምን ልትገዛ ነው? አይ ልጄ፣ አዲስ አበባ በላችሽ።» አስተካከልኩት። መጽሐፉን ያነበባችሁ ታውቃላችሁ፣ ሴትየዋ አሁን የምትወርደው ሰኞ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ ከተማችን የገባበት የ2014 ጥቅምት መጣ። ያንን ወር ለእናንተ አልተርክም፤ እናንተ ናችሁ የኖራችሁት። የእናቴን ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ከቤት ስትወጣ ሁለት ነገር በፌስታል ጠቅልላ ከከሰሉ ጆንያ ሥር ቀበረች፤ የእኔን ደብተሮችና በእሷ እጅ የነበረውን የእድሩን መዝገብ። ኅዳር 27 ከተማዋ ከተለቀቀች በኋላ ስትመለስ ቤቱ ተበርብሯል፤ ከሰሉም የለም። የእድሩ መዝገብ የት እንደገባ እስካሁን አልታወቀም። የእኔ ሰባት ደብተር ወለሉ ላይ ተበትኖ፣ ግማሹ ጥቀርሻ ለብሶ፣ ሁሉም ተገኘ። የእድሩ ዳኛ ዛሬም እናቴን ባዩ ቁጥር «የሰፈሩን ሒሳብ ጥለሽ የልጅሽን ተረት አተረፍሽ!» ይሏታል። ውዝፍ የነበረባቸው ሰዎች ግን እስካሁን በመንገድ ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሦስቱን እያየኋቸው ነው። ስም አልጠራም።

ያ ጥቀርሻ የነካው ደብተር ነው መጽሐፍ የሆነው። ወጣ፤ በሁለት ወር አለቀ፤ ደግሞ ታተመ፤ ደግሞ አለቀ። አዟሪዎቹ አስፋልት ላይ በክንዳቸው ደርድረው ሲሮጡ ሽፋኑን ሳይ እንባዬ መጣ። በዚያው ሳምንት አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ጠራኝ። ጋዜጠኛው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ እንደ ወዳጅ ምስጢር፣ «እውነቱን ንገሪን እስቲ፤ ማን ጻፈልሽ?» አለኝ።

እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሳቄ ነው የጎዳኝ። ከዚያ በኋላ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ላይ፣ «ማን ጻፈልሽ?» አንድ ቀን ደግሞ በሥነ ጽሑፍ ውይይት ላይ፣ ብዙ ያነበቡ፣ እኔም የማከብራቸው ሰው መጽሐፉን አንሥተው አመሰገኑት። ቋንቋው የበሰለ ነው፣ አወቃቀሩ የተዋጣለት ነው፣ አሉ። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ፣ «በዚህ የብዕር ጥንካሬ የወንድ እጅ እንዳለበት ይሰማኛል» ብለው ተቀመጡ። ሰዉ አጨበጨበ! ስታጨበጭቡ ለየትኛው እንደሆነ እየለያችሁ፣ እባካችሁ።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ሌላ ሰው የጻፈውን ክፋት ስናገር፣ «ካፍሽ ወጥቷል፣ ያንቺ ነው» ተብዬ በርበሬ ተከለከልኩ። ራሴ ስጽፍ ደግሞ «ያንቺ አይደለም» ተባልኩ። ታዲያ የእኔ የሚሆነው መቼ ነው? ስድቡ በስሜ ይመዘገባል፣ ሥራው በሌላ ሰው ስም! ይኼ ጥያቄ አይደለም፤ ዝርፊያ ነው። መጽሐፉን ሰርቆ ፎቶ ኮፒ የሚያባዛው እንኳ ስሜን ሽፋኑ ላይ ይተውልኛል። ይኼኛው ስሜን ነው የሚፍቀው።

ከሰባ፣ ሰማንያ ዓመት በፊት ሴት መድረክ ላይ ትወጣለች ተብሎ አይታሰብም ነበር። ወንዶች ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው ሴት ሆነው ይተውኑ ነበር። አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ሆና መድረክ የወጣችው በዚያ ዘመን ነው። እና ልጠይቃችሁ፤ ወንዱ ቀሚስ ለብሶ ሲሽኮረመም «ይኼ ሴት አይደለም» ብሎ የተነሣ ተመልካች ነበር? ሴት ስትጽፍ ነው «ይኼ የሴት እጅ አይደለም» የምንለው። ስንዱ ገብሩ ግጥምና ቴአትር ጽፋ መጽሐፍ ያሳተመችው በ1942 ነው። በ1942! ዛሬም እኔ የእጅ ጽሑፌን ይዤ ልዙር?

ይኼ እኮ የደሴ ወግ አይደለም። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት በሴት ስም የተሰየመ ነው፤ በወይዘሮ ስኂን፣ በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት። ንጉሥ ሚካኤል ግብር የሚያበሉበትን አዳራሽ «አይጠየፍ» ነው ያሉት። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ያለውም የሌለውም የሚገባበት፤ እዚሁ ቆሞላችኋል። የሥነ ጽሑፍ ቤታችን ግን ይጠየፋል። በር ላይ ቆሞ «ከየት መጣሽ? ከቴሌቪዥን? ቆይ እዚያ ጋ» ይላል። እዚህ ላይ ማጨብጨብ ይቻላል።

ማን ጻፈልሽ አትበሉኝ፤ ማን አስተማረሽ በሉኝ፣ መልስ አለኝ። የእናቴ ቡና። ጎረቤቶቿ ይሰበሰቡና አንዷ በአቦል ላይ ወሬውን ትጀምራለች፣ ባልየው ወጥቶ አልገባም። በቶና ላይ ነገሩ ይወሳሰባል፣ ሌላ ሴት ትገባበታለች። በበረካ ላይ፣ ልክ ሴትየዋ በሩን ስትከፍት፣ ተራኪዋ ነጠላዋን አራግፋ ትነሣለች። «ነገ ቡናው እኛ ቤት ነው።» ማን ይቀራል? እኔ የድራማ ክፍል እንዴት እንደሚቋጭ ያወቅሁት ረከቦት ሥር ተቀምጬ ቄጠማ እየበጠስኩ ነው፤ እኛ ቤት ቴሌቪዥን ከመግባቱ በፊት።

በውጭው ዓለምም አዲስ ነገር አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. ያረፈችው የሰሜን አየርላንድ ተወላጅ ሉሲንዳ ራይሊ ወጣት ሳለች የቴሌቪዥን ተዋናይት ነበረች። በሃያዎቹ ዕድሜዋ ታማ አልጋ ስትይዝ መጻፍ ጀመረች፤ ልቦለዶቿ ከ30 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተነበቡ።

ሰዓት አልቋል እየተባልኩ ነው። ስለ ንባብና ወጣቱ ትውልድ፤ አንብቡ። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ጠፍቶበታል፣ ያላችሁ ስጡት። ስለ ፒዲኤፍም አንድ ቃል፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ሆን ብሎ የጣሰን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። ተፈጻሚ ቢሆን የዚህ አዳራሽ ግማሹ ዛሬ አይመጣም ነበር። መጻፍ ለምትፈልጉ ሴት ልጆች፤ ደብተር ግዙ። በስልክ የተጻፈ ከከሰል ሥር አይቀበርም።

አሁን ወርጄ በሩ አጠገብ መጽሐፍ እፈርማለሁ። በቴሌግራም ያነበባችሁም አትፈሩ፣ ኑ፤ ስልክ ላይ ግን አልፈርምም። አዘጋጆቹ ደግሞ ከመካከላችሁ ወፍራም ማርከር የያዘ ካለ አቀብሉኝ። ወንበርም አምጡልኝ፤ ባነሩ ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለው።