የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ በአማተር ዲቪዚዮን የጨዋታ ጥራት ደንብን መወሰን አለበት?

በዛሬው ክፍላችን በስልክ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ በአማተር ስፖርት ዲቪዚዮኖች የሚታየው የጨዋታ ጥራት ለውድድር ደንብ መነሻ ይሁን ወይስ አይሁን የሚል ነው። መልስ የሰጡን የአማተር ሊጎችን ደንብ በማርቀቅና ውድድር በመምራት ረጅም ጊዜ ያሳለፉ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦ የአንድ አማተር እግር ኳስ ሊግ የኮሚቴ አባል ነኝ። በሦስተኛው ዲቪዚዮናችን የሚታየው ጨዋታ እጅግ ደካማ ነው፤ ሦስት ቅብብል የሚዘልቅ ኳስ ማየት ብርቅ ሆኗል። አንዳንድ ባልደረቦቼ የብቃት መመዘኛ አውጥተን መመዘኛውን የማያሟሉ ቡድኖችን መመዝገብ እንድናቆም ይፈልጋሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ በቅድሚያ ጥራቱ የሚፈለገው ለማን እንደሆነ መለየት ይኖርብናል። በፕሮፌሽናል ስፖርት ጥራት የተመልካች ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ፣ ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ 18 አሸነፈ፤ ኳስ ይዞ ጊዜ መግደል ያን ያህል ተለምዶ ነበር። ሊጉ በ1954 ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ እንዲወረውር የሚያስገድድ ገደብ ያወጣው እንዲህ ያለ ጨዋታ ለማየት ትኬት የሚቆርጥ ሰው እንደማይኖር ስለተረዳ ነው። በእርስዎ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ግን ከመስመሩ ውጭ የሚቆሙት ሁለት ተቀያሪዎች፣ የአንዱ ተጫዋች ወንድምና ቦርሳ ጠባቂው ናቸው። የመመዝገቢያውን ገንዘብ የከፈለው ሜዳ ውስጥ የሚሮጠው ሰው እስከሆነ ድረስ፣ ጨዋታው ለተመልካች ያምራል ወይ ብሎ መጠየቅ በሌለ ሰው ስም መጠየቅ ነው።

ይህን ስል ጥራት ለሊጋችሁ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። የሚጠቅመው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። አንድ ጨዋታ 9 ለ 0 ሲደርስ ሜዳው ላይ የሚሆነውን ልብ ብለው ተመልክተው ይሆናል፤ የመሪው ቡድን ግብ ጠባቂ እጁን አጣምሮ የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጠርዝ ላይ ይቆማል፣ ተከላካዮቹ እነሱም ጎል ለማስቆጠር ቦታቸውን ጥለው ወደፊት ይወጣሉ፣ የተሸናፊው ቡድን አማካይ ደግሞ ኳስ እንዲመጣለት መጠየቁን ያቆማል። በዚያ ሰዓት ጥሩ የሚጫወት ቡድን ሜዳው ላይ የለም፤ ጠንካራውም ደካማውም እኩል ተበላሽተዋል። በአንጻሩ ሁለት ጀማሪ ቡድኖች በተሳሳተ ቅብብልና በተጠለዘ ኳስ ተጫውተው 2 ለ 2 ቢለያዩ፣ ያ ጨዋታ እስከ መጨረሻው ፉጨት ድረስ ፉክክር ነበረበት። ስለዚህ የተጫዋቾች ደረጃ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ለመወሰን ሁነኛ መሣሪያ ነው፤ ማን መጫወት እንደሚፈቀድለት ለመወሰን ግን መዋል የለበትም ባይ ነኝ።

በተግባር ያለፈውን የውድድር ዘመን ውጤት ይዘው ይቀመጡና በአምስትና ከዚያ በላይ የግብ ልዩነት የተጠናቀቁትን ጨዋታዎች ይቁጠሩ። ቁጥሩ የሚያሳስብ ከሆነ፣ ከአንደኛው ዙር በኋላ ዲቪዚዮኑን ለሁለት ከፍሎ ሁለተኛውን ዙር ተቀራራቢ ቡድኖችን ብቻ ማጫወት ይቻላል። አዲስ የተመዘገበ ቡድንም የሚመደብበትን ዲቪዚዮን ከሁለትና ሦስት የሙከራ ጨዋታ በኋላ መወሰን፣ በአሰልጣኙ ቃል ብቻ ከመወሰን ይሻላል። መመዘኛ አውጥቶ በሩን መዝጋት ግን መጨረሻ የለውም፤ ዛሬ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ቢሰረዝ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለተኛው የጀማሪዎች መግቢያ ይሆንና ያው ቅሬታ በእሱ ላይ ይነሳል። የውድድርን ክብር እናስጠብቃለን የሚል ደንብ ወዴት ሊያመራ እንደሚችልም ታሪክ ያሳየናል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ ቀዘፋ ሹማምንት በእጁ ሥራ የሚተዳደርን ሰው ከአማተርነት አግልለው ነበር፣ ያም ቢሆን ክብርን በመጠበቅ ስም የተደረገ ነው። የእናንተ ኮሚቴ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደሌለው አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የተጻፈ ደንብ ከጻፉት ሰዎች ቀናነት በላይ ይቆያል።

ጥያቄ፦ በቴኒስ ክለባችን መካከለኛውን ምድብ ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ሰው አለ። ወደ ላይኛው ምድብ ውጣ ሲባል ገና አልበቃሁም ይላል። ማስገደድ ይገባል?

መልስ፦ ሦስት ዓመት በቂ ማስረጃ ነው፤ አዎ፣ ይገባል። ነገር ግን ውሳኔው በሰውየው ላይ እንደተሰጠ ፍርድ እንዳይታይ፣ አስቀድሞ በተጻፈና ለሁሉም በሚሠራ ደንብ ሊሆን ይገባል። በአሜሪካ የቴኒስ ማኅበር ሊግ ለምሳሌ፣ ደረጃውን በራሱ ግምት አስመዝግቦ የገባ ተጫዋች በዓመቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተመዘገበበት ደረጃ በግልጽ የላቀ ውጤት ካሳየ ከዚያ ምድብ ይታገዳል። በቼዝ ደግሞ እያንዳንዱ ውጤት የተጫዋቹን የደረጃ ነጥብ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ፣ «በቅቻለሁ» ወይም «አልበቃሁም» የሚለው ክርክር ገና ሳይነሳ ይዘጋል፤ በሁለት ተጫዋቾች መካከል የ200 ነጥብ ልዩነት ካለ የበላዩ ከሚገኘው ውጤት ሦስት አራተኛ ያህሉን ያገኛል ተብሎ ይጠበቃል።

ዋናው ችግር አቅሙን ሆን ብሎ የሚደብቅ ተጫዋች ነው። ውድድር ስመራ አንድ ሰው በማይጠቅመው ግጥሚያ 5 ለ 2 ሲመራ ቆይቶ፣ የመጀመሪያውን ሰርቭ መረብ ላይ፣ ሁለተኛውን ከመስመር አንድ ሜትር ውጭ እየጣለ ጌሙን ሲያስረክብ አይቻለሁ፤ ፊቱ ላይ የነበረው መረጋጋት እስካሁን ይታወሰኛል። ይህን በተመለከተ የጎልፍ ሰዎች የደረሱበት ዘዴ ብልህነት አለበት። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የሃንዲካፕ (የተጫዋችን ብቃት በቁጥር የሚገልጽ መለኪያ) ሥርዓት የተጫዋቹን የመጨረሻ 20 ውጤቶች ይወስድና የተሻሉትን 8 ብቻ በአማካይ ያሰላል፤ በመሆኑም አልፎ አልፎ ሆን ብሎ መጥፎ መጫወት የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። ክለባችሁም ተጫዋቾችን ሲመድብ ሽንፈታቸውን ትቶ ምርጥ ድሎቻቸውን ቢመዝን፣ መደበቅ ከባድ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ላይ አልወጣም የሚል ሰው ሁሉ ዋንጫ ወዳድ አይደለም፤ ጓደኞቹ ያሉት በመካከለኛው ምድብ ስለሆነ የሚቀርም አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው በነጠላ ጨዋታ ወደ ላይ እንዲወጣ፣ በጥንድ ጨዋታ ግን ከጓደኛው ጋር በነበረበት እንዲቀጥል መፍቀድ ማንንም አይጎዳም።

ጥያቄ፦ የአሥር ዓመት ልጅ እናት ነኝ። አሰልጣኙ «የቡድኑ ጥራት ይወርዳል» እያለ ልጄን በየጨዋታው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ይህ ትክክል ነው?

መልስ፦ በአሥር ዓመት ዕድሜ ትክክል አይደለም፤ በዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ። የዕድሜ ምድቡ በአውሮፓውያን ዓመት በሚከፈልበት ሊግ፣ በዚህ ዕድሜ ዛሬ ጎልቶ የሚታየው ልጅ ብዙውን ጊዜ በዓመቱ መጀመሪያ በጃንዋሪ የተወለደው ነው፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ከተወለደው የቡድን ጓደኛው አሥራ አንድ ወር ያህል ይበልጠዋል። አሰልጣኙ ተሰጥኦ ያየ ይመስለዋል፣ የሚያየው ግን በከፊል የልደት ቀን ነው። ወንበር ላይ የሚውለው ልጅ ስለማይጫወት አይሻሻልም፣ ስላልተሻሻለም ይቀመጣል።

መፍትሔው የአሰልጣኙን ደግነት መጠበቅ ሳይሆን የሊግ ደንብ ነው። የልጆች ቤዝቦል ድርጅት የሆነው ሊትል ሊግ እያንዳንዱ ልጅ በጨዋታው የሚያገኘውን ዝቅተኛ ተሳትፎ በደንቡ ያስገድዳል። በእግር ኳስም የጨዋታው ሕግ በወጣቶችና በታችኛው እርከን ውድድሮች፣ የሚመለከተው ማኅበር ከፈቀደ፣ ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ አሰልጣኙ ልጅዎን ቢያስገባ የሚያጣው ነገር የለም። እርስዎም ከአሰልጣኙ ጋር ከመከራከር ይልቅ፣ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ የጨዋታውን ግማሽ እንዲጫወት የሚያዝ አንቀጽ እንዲገባ ለሊጉ በጽሑፍ ቢያቀርቡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ለአሸናፊዎች የገንዘብ ሽልማት ብንጀምር የጨዋታው ደረጃ አይሻሻልም?

መልስ፦ የሚሻሻለው የአሸናፊው ዝርዝር እንጂ ጨዋታው አይመስለኝም፤ ሽልማቱን የሰሙ ጠንካራ ተጫዋቾች ከላይኛው ምድብ ይወርዳሉ፣ ቅድም ያነሳነው አቅምን የመደበቅ ፈተናም በእጥፍ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ የዳኞች ምደባ ኃላፊ ነኝ። ዳኞች ስለሚያጥሩን ልምድ ያላቸውን ለአንደኛ ዲቪዚዮን፣ ጀማሪዎቹን ለታችኛው እንመድባለን። ጥራቱ ያለው በአንደኛው ስለሆነ ይህ ተገቢ ይመስለኛል።

መልስ፦ ብዙ ሊጎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ እኔም ለዓመታት አድርጌዋለሁ። ስህተቴን የተረዳሁት የጉዳት ሪፖርቶችን ከዳኞች ምደባ ወረቀት ጎን አስቀምጬ ሳነብ ነው። ብቃት ያለው ተከላካይ ኳሱ እንዳለፈው ሲያውቅ እግሩን ይሰበስባል፤ ጀማሪው ግን ዘግይቶ ይደርሳል፣ ሙሉ ክብደቱንም ይዞ ይደርሳል። ክፋት የለበትም፤ ቁርጭምጭሚት ግን ሐሳብን አይለይም። እንዲህ ያለው ጨዋታ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ጀምሮ የሚያረጋጋ ዳኛ ይፈልጋል፣ ለዚያም ልምድ ያስፈልጋል።

ሁሉንም ምደባ ይገልብጡ አልልዎትም። ባለፈው ዘመን ካርድና ጉዳት የበዛባቸውን ቡድኖች ለይተው፣ እነሱ የሚገናኙባቸውን ጨዋታዎች በየትኛውም ዲቪዚዮን ቢሆኑ ልምድ ላለው ዳኛ ይስጡ፤ ጀማሪውን ዳኛ ደግሞ በአንደኛው ዲቪዚዮን ረዳት አድርገው መስመር ላይ ያቁሙት። ማኅበራችሁ የሚፈቅድ ከሆነ፣ በታችኛው እርከን ውድድሮች ቢጫ ካርድ ያየ ተጫዋች ለተወሰነ ደቂቃ ከሜዳ ወጥቶ እንዲመለስ የሚያደርገውንም ደንብ ይሞክሩት፤ የተናደደ ሰው ከመስመር ውጭ ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ ቀጣዩን አደገኛ ታክል ሳይገባ ይቀራል።