ውሃው ሌሊት ሲመጣ ማን ይነሣ ነበር

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን አመሻችሁ። ከጅማ ነኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ ባለቤቴ ሆስፒታል አዳር ተረኛ ናት። ከጀርባዬ የምትሰሙት ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ነው። እዚህ መጋቢት ላይ የጀመረ ዝናብ እስከ መስከረም አይለቅም፤ ግንቦት ደግሞ መሐሉ ነው። እስኪያባራ ልጠብቅ ብል ይህን ክፍል አልቀዳውም ነበር።

ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ቤት ሥራ ነው። ቤታችን ያለ ሠራተኛ መኖር ከጀመረ ስምንት ወሩ ነው።

ከእኛ ጋር ስድስት ዓመት የኖረች ልጅ ነበረች። ስሟን አልጠራም። ደውዬ «ስለ አንቺ ላወራ ነው» ስላት «ያውሩ ጋሼ፣ ስሜን ግን ይተዉት» ብላኛለች። በማታ ተምራ 12ኛ ክፍልን ጨረሰች፤ አሁን ሌላ ከተማ ኮሌጅ ገብታ እየተማረች ነው። መስከረም ላይ መናኸሪያ ድረስ ሄደን ስንሸኛት ሁላችንም አለቀስን። እንወዳታለን፣ ለዚያ ነው ያለቀስነው። ከእሷ ጋር ምን እንደሄደ ግን ያን ቀን አናውቅም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ውሃ አለቀ። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ ሰዓቱም የታወቀ አይደለም። ግቢያችን ውስጥ ሁለት በርሜልና ዘጠኝ ጀሪካን አለ። በስድስት ዓመት ውስጥ ባዶ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። መጀመሪያ መስመሩ የተበላሸ መስሎኝ ጎረቤቴን ጠየቅሁት። «ኧረ ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ነበር፣ ሁላችንም ቀዳን እኮ» አለኝ።

ደወልኩላት። «ውሃው የሚመጣበትን ሰዓት በምን ታውቂ ነበር?» አልኳት። ዝም አለች፤ ከዚያ «አላውቅም ጋሼ» አለችኝ። «ስተኛ ቧንቧውን ከፍቼ ከሥሩ የብረት ባልዲውን አስቀምጣለሁ። ፕላስቲኩ ድምፅ የለውም። የብረቱ ላይ ሲንጠባጠብ እሰማዋለሁ።»

እሷ የምትተኛባት ክፍል ከማድ ቤቱ ጎን ያለችው፣ ለቧንቧው የምትቀርበዋ ክፍል ናት። ያንን ክፍል የሰጠናት ስለሚሞቅ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ልጅ ባልዲ እያዳመጠች ተኝታለች። እኔ ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ታጥቤ፣ የተቀዳልኝን ሻይ ጠጥቼ፣ ሰው ላስተምር እወጣለሁ።

ይህን ነገር ቶሎ አልፌው መሄድ አልፈልግም። ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ሰዓቷን ቆጠርኩ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ትነሣለች፤ ቁርስ፣ የልጆች ምሳ ዕቃ፣ መጥረግ፣ መወልወል፣ ገበያ፣ ምሳ፣ ልብስ፣ ቡና። አመሻሹ ላይ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ተመልሳ ራት ታነሣለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት። 17 ሰዓት ነው። የማታ ትምህርቷን ሁለት ሰዓት ስቀንስ 15። የሌሊቱን ባልዲ አልቆጠርኩም።

እኔ መምህር ነኝ። የሳምንት ክፍለ ጊዜዬ ሲበዛ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ እከራከራለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ያው አዋጅ ግን ሰው ቤት የሚቀጠሩትን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ፣ የእነሱን ነገር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አውጥቶ እንዲወስነው ነው የተወው። እሺ፣ አዋጁ አልነካትም እንበል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ አብሮት የሚኖር ሠራተኛ ያለው አሠሪ ማደሪያውን፣ ምግቡን፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቱን ጤናውን በሚጠብቅ መንገድ እንዲያሰናዳለት ያዝዛል። «ዕረፍት» የሚለው ነገር አባቴ ልጅ ሳለ ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል ማለት ነው። እኔ ቤት ግን አልገባም ነበር።

ሌላ ሰው ያልቀጠርነው ሳንሞክር ቀርተን አይደለም። ደላላው ሁለት ልጆች አምጥቶልን ነበር። የመጀመሪያዋ 11 ቀን ቆይታ ካፌ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ ደግ አደረገች። ሁለተኛዋ ስትገባ ባለቤቴ ዕድሜዋን ጠየቀቻት። «18» አለች፤ ዓይኗን ግን ከመሬት አላነሣችም። ከእኛ ከትልቋ ልጅ ታንሳለች። ምሳ አብልተን፣ የዘመድ ስልክ ተቀብለን፣ መሳፈሪያዋን ከፍለን ዘመዷ መጥታ እስክትወስዳት ጠበቅን። ያን ማታ ባለቤቴ «በቃ፣ እንደገና ደላላ ጋ አልሄድም» አለች። እኔም አልከራከርኳትም።

ታዲያ እንዴት ቻልነው? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቀኛል፤ የጠዋት ይህ፣ የማታ ያ ብዬ ሠንጠረዥ እንድሰጠው ይፈልጋል። ሠንጠረዥ ሞክረን ነበር፤ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈን በሦስተኛው ሳምንት ጥለነዋል። የጠቀመን ሥራውን ከመካፈላችን በፊት ማሳነሳችን ነው። ቤታችን የተሠራው አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ እንደሚኖርበት ተደርጎ ነበርና።

ልብስን ውሰዱ። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ክምር ነበር የሚታጠበው። ጅማ ላይ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ከሰዓት ይዘንባል፤ በአንድ ቀን የታጠበ ክምር ልብስ በአንድ ቀን አይደርቅም፣ ሽታ ያመጣል። አሁን በየማታው ሁሉም የየራሱን ካልሲና የውስጥ ልብስ ገላውን ሲታጠብ አብሮ ያጥባል። የደንብ ልብሱን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጠዋት በአንድ ሳፋ ብቻ። ገመዱን ከግቢው መሐል አንሥቼ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር አሰርኩት። ብርድ ልብስና አንሶላ በወር ሁለቴ አንዲት ተመላላሽ እናት መጥተው ያጥቡልናል፤ ስድስት ሰዓት ላይ ይጨርሳሉ፣ ሒሳባቸውን ያኔውኑ እንሰጣለን። ቀዩ ጭቃ ከሹራብ ላይ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ እንደዚያው ይለበሳል።

እንጀራው የኔ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እጋግራለሁ። ጎረቤት መጀመሪያ አካባቢ በአጥር ያይ ነበር፤ አሁን ለምደውኛል። ለመጋገር የፈጀብኝ ጊዜ ግን ሦስት ወር ነው። ሊጡን ማቡካት አያስቸግርም፣ ሦስት ቀን ማቆየትም አያስቸግርም። ከባዱ አብሲት መጣሉ ነው። ከቦካው ሊጥ ትንሽ ቀንሰህ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምረህ እያማሰልክ ታበስለዋለህ፤ በረድ ሲል መልሰህ ትቀላቅለዋለህ፤ ኩፍ እስኪል ትጠብቃለህ። የኔ እንጀራ ግን ዓይን የሚባል ነገር አልነበረውም። የመጀመሪያው የምጣድ ማሟሻ ነው ይባላል፤ የኔ እስከ አሥረኛው ድረስ ማሟሻ ነበር።

ኅዳር ላይ እናቴ ከአጋሮ መጣች። ማድ ቤት ስትገባ ባለሦስት እግሯ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ማሰሻውን ይዤ አገኘችኝ። ምን ትል ይሆን ብዬ ልቤ ተሰቀለ። ሰፌዱ ላይ ያለውን እንጀራ ገለጥ አድርጋ አየችና «አብሲቱ አልበሰለም፤ ውሃው ሳይፈላ ነው የጨመርከው» አለችኝ። ነጠላዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እኔ ምጣድ ላይ የተቀመጥኩት በሰባት ዓመቴ ነው። እንዲህ ቁጭ ብሎ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም፣ እጄ እየተቃጠለ ነው የለመድኩት።» 40 ዓመት ሙሉ የእጇን እንጀራ በልቻለሁ፤ ይህን ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቀኑን ሙሉ አብረን ጋገርን። ትኩሱን እንዳልደራርብ፣ እያንዳንዱን ሰፌድ ላይ አብርጄ እንድከት ያሳየችኝም እሷ ናት፤ በዚህ እርጥበት ትኩስ የተደራረበ እንጀራ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ረቡዕ ላይ ሲያልቅብን ከሰፈራችን ጋግራ ከምትሸጥ እናት አሥር እንገዛለን፤ ዋጋ አንከራከርም።

ቤት ማጽዳቱን ብዙ አላወራም። ሳሎኑ ረቡዕና እሑድ ይወለወላል፣ በቃ።

ከሥራው ሁሉ የከበደን እንግዳ ነው። ጅማ ቡና አገር ነው፤ ሰው ደጅህን ረግጦ ቡና ሳይፈላለት ከሄደ እንደተባረረ ነው የሚቆጥረው። ልጅቷ በቀን ሁለቴ ታፈላ ነበር፤ ስንት ሲኒ እንደምታጥብ አላየሁም። አሁን ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር ቀን ተከፋፍለናል፤ እሑድ እኛ ቤት፣ ሐሙስ የሐጂ ቤት ከገበያ መልስ፣ ማክሰኞ ሦስተኛው ቤት። በቀኑ አቦል፣ ቶና፣ በረካው ሳይጓደል ይጠጣል። በሌላው ቀን ማንም ማንንም አይጠራም፣ የሚቀየምም የለም። አዳዲስ ነገር የማይወዱ የሚመስሉን ሰዎች ሐሳቡን ስናነሣ እፎይ ሲሉ ማየቴ ገርሞኛል። ለካ ሁሉም ደክሞት ነበር።

ሳይደውል ለሚመጣ ዘመድ ደግሞ ቅዳሜ የተቁላላ ሽንኩርት ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ መብራት ካልጠፋ እስከ ረቡዕ ይቆያል። ሽሮ በሃያ ደቂቃ ይደርሳል። አንድ ማክሰኞ ማታ አጎቴ ከነቤተሰቡ መጣ፤ ባለቤቴ ሥራ ላይ ናት። «አረፍ በሉ፣ ራት እኔ ነኝ የማቀርበው» ብዬ ተነሣሁ። አጎቴ ዝም ብሎ ቆየ። ሽሮው ሲቀርብ በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ሲወጣ «ሚስትህን ሰላም በልልኝ፣ አይዟችሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሲመጣ ጎመን በፌስታል ይዞ ይመጣል።

አሁን ለመናገር የከበደኝን ልናገር።

ውሃውን እኔ ወስጄ ነበር ብያችኋለሁ? አላልኳችሁም መሰለኝ። ልጅቷ በስልክ ከነገረችኝ ቀን ጀምሮ ውሃው የኔ ነው አልኩ። የብረቱን ባልዲ ከቧንቧው ሥር አድርጌ፣ የመኝታ ቤቴን መስኮት ገርበብ አድርጌ መተኛት ጀመርኩ። በርሜሉ ሞላ። ቻልኩት ብዬ ደስ አለኝ፤ ለባልደረቦቼም ነገርኩ።

ጥር ላይ የትልቋ ልጄ ክፍል ኃላፊ መምህርት ጠራችኝ። ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ 8ኛ ክፍል ናት፣ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። «ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፣ ቤት ምን አለ?» አለችኝ። ምንም የለም አልኳት። ስመልስ የዋሸሁ አልመሰለኝም ነበር።

ያን ሳምንት ማን ምን እንደሚሠራ ማየት ጀመርኩ፤ በደብተር ጀርባ ጻፍኩት። ጠዋት የወንድሟን ቁርስ የምታቀርበው እሷ ናት። ሽንኩርት የምትከትፈው እሷ ናት። የማታ ዕቃ የምታጥበው እሷ ናት። ወንድሟ 11 ዓመቱ ነው፤ በስሙ የጻፍኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ዳቦ መግዛት። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አልቆጣትም። ዝም ብሎ ወደ እሷ ሄዷል።

ሐሙስ ሌሊት ነቃሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ምንም አልሰማሁም ነበር፣ ውሃ ጠምቶኝ ነው የነቃሁት። ወደ ውጭ ስወጣ ልጄ ሹራብ ደርባ፣ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብላ ጀሪካን ትሞላለች። ባልዲው ከሷ መስኮት ሥር ነው። ማታ ማታ እኔ ስተኛ ቧንቧው ላይ ላስቲክ ትቀጥልና ባልዲውን ወደ ራሷ ታስጠጋዋለች። «አባዬ፣ አንተ እኮ አትሰማም» አለችኝ። «ከጥቅምት ጀምሮ እኔ ነኝ የምቀዳው። እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

ጀሪካኑን ተቀብያት አስገባኋት። እኔ እስኪነጋ አልተኛሁም። ባለቤቴ ጠዋት ከአዳር ስትመለስ ነገርኳት። በሩ ላይ ቆማ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «የዚያችን ልጅ ቦታ ለልጃችን ሰጠናት ማለት ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ይኸው ነው። ሮቶ ለመግዛት ዕቁብ ገባን፤ ዕጣው ሚያዝያ ላይ ደረሰን፣ አሁን ውሃው ሲመጣ በራሱ ይሞላል፣ ሲሞላ ተንሳፋፊው ይዘጋዋል። ከደመወዜ ላይ ለሰባት ወር እየቀነስኩ የምከፍለው ነው፤ ከከፈልኩት ሁሉ እንደዚህ ያላስቆጨኝ የለም። የማታ ዕቃ የኔ ሆነ። ሽንኩርቱና የሳምንት ቀን ራት የወንድሟ። ማልቀስ ነበረበት፣ አለቀሰ፤ ቢላ አያያዝ አስተማርኩት። እሷ እስከ ፈተናዋ ድረስ ከራሷ ልብስ በስተቀር ምንም አትነካም ተባባልን። መጀመሪያ ሰሞን ዕቃ ሲንኳኳ ከክፍሏ ትወጣ ነበር። «ተመለሺ» እላታለሁ፣ ትመለሳለች፣ ትንሽ ቆይታ እንደገና ትወጣለች። ሰው ሲሠራ ሰምታ ቁጭ ማለት አስቸግሯት ነበር፤ ይህን የት ተማረችው ብዬ ብዙ አስቤያለሁ።

ዛሬ ማታ ሽሮውን ልጁ ነው የሠራው። ትንሽ ቀጥኖበታል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ግን ጥሩ ነበር። ዕቃው ሲንኳኳ፣ ክዳን ሲወድቅ፣ እሱ «አባዬ ጨው የት ነው?» እያለ ሲጮህ እሷ በሯን ዘግታ ታነብ ነበር፤ አልወጣችም። ራት ሲደርስ ጠራናት።