በደጁ የነበረው ጀሪካን፦ በኅዳር ሚካኤል ለማኅበርተኞች የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንኳን ለቅዱስ ሚካኤል በዓል አደረሳችሁ።

ስለ ኮሮና ጊዜ ተናገሪ ስትሉኝ «አሁን ማን ይሰማኛል?» ብዬ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2015 አስቸኳይ ጊዜው አብቅቷል ካለ ወዲህ ወሬውም ጭምብሉም ጠፍቷል። ግን ቀኑ ኅዳር 12 ነው። ኅዳር ሲታጠን። ይህ ጭስ የ1911ዱን የኅዳር በሽታ የምናስብበት ነው። ዓለምን ያዳረሰው የእስፓኝ ጉንፋን አገራችን ገብቶ አዲስ አበባ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ፈጀ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ነው የተነሡት። ያ ትውልድ መከራውን በጭስ አስታወሰው። የእኛስ በምን ይታወስ ይሆን እያልኩ ነው የሰነበትኩት።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን ተገኘ ሲባል ሁዳዴ ላይ ነበርን። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር። ቅዳሴውን ያስቀደስኩት ቤቴ ሆኜ፣ በቴሌቪዥን ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ ሶፋው አጠገብ ቆምኩ። ነርስ ነኝ፣ ምክንያቱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ግን እንባዬ አልቆመም።

ያን ሰሞን ሁላችንም የምንደግመው መዝሙር 90ን ነበር፤ በሌላው አቆጣጠር 91ኛው ነው። በልዑል መጠጊያ ስለሚኖር ሰው፣ ከቸነፈርም ስለሚድን ሰው የሚናገረው። በባጃጅ መስታወት ላይ ሳይቀር ተለጥፎ አይቻለሁ። ደስ ይላል። እኔም ማታ ማታ እደግመው ነበር። አንድ ቀን ግን ማቴዎስ ምዕራፍ 4ን ሳነብ ደነገጥኩ። ዲያብሎስ ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ሲለው የጠቀሰው ይህንኑ መዝሙር ነው። መላእክቱን ያዝዝልሃል፣ እግርህ አይሰናከልም የሚለውን ቃል። ጌታ ቃሉ ውሸት ነው አላለም። «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» አለ፤ ራሱንም አልወረወረም።

እኔ በሥራዬ ያየሁት ይህንኑ ነው። «እኔ እምነት አለኝ፣ አይዘኝም» የሚል ሰው ብዙ ነበር። እምነቱን አልንቅበትም። ግን ይህ በሽታ ሰውየው ራሱ መታመሙን ሳያውቅ፣ ሳያስለው፣ ሳያተኩሰው ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። እሱ ጎበዝ ነው፣ ይድናል። ቤቱ ያሉት እናቱስ? ከጫፉ ላይ የምንወረውረው ራሳችንን ብቻ ቢሆን እኮ ቀላል ነበር።

የንስሐ አባቴ ያን ሰሞን መስቀል ማሳለም ተዉ። ራቅ ብለው መስቀሉን ከፍ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታ» ይሉናል። አንድ ሰው ተቆጣ። «አባ፣ መስቀል በሽታ ያስተላልፋል ወይ?» አላቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ የምፈራው መስቀሉን አይደለም፣ የያዘውን እጄን ነው» አሉት። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ መልስ አልሰማሁም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13ንም ያነበቡልን እሳቸው ናቸው። ካህኑ ደዌ የታየበትን ሰው ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየዋል፣ አይቶትም ካልተለየለት ሌላ ሰባት ቀን ይጨምርበታል። ሲደመር 14 ቀን ነው። ያኔ ለይቶ ማቆያ የሚገባ ሰው የሚቆየውም 14 ቀን ነበር። ይህን ሥራ በኦሪት የሚሠራው ሐኪም ሳይሆን ካህን መሆኑ ልቤን ነካው።

ስለ ቡናም ልንገራችሁ። ጎረቤቴ አንዲት እማማ አሉ። «እማማ፣ ለጊዜው አልመጣም፣ ከሐኪም ቤት ነው የምውለው» ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ጠላሽኝ?» አሉኝ። ለጎንደር ሰው ቡና እንቢ ማለት ትንሽ ነገር አይደለም። በማግስቱ ግን በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ስኒውን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው እሳቸው ራቅ ብለው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሁሉንም በአጥር ማዶና ማዶ ሆነን ጠጣን። ስኒዬን ሳላጥብ አልመልስም። እሳቸውም ሳይመርቁ አይነሡም። ያ ክረምት እንዲህ አለፈ።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ናት። ለአቋቋም፣ ማለትም ለቤተ ክርስቲያኑ የዝማሜ ትምህርት፣ የበአታን ደብር የማያውቅ የለም። ለትምህርቱ የሚመጡት ልጆች ደግሞ የሚበሉት ከእኛ ደጅ ለምነው ነው። በዚያ ወቅት በሩ ሁሉ ሲዘጋ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ድምፅ የሚሰማው አጣ። አንድ ጠዋት አንድ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አኩፋዳውን አንግቶ ደጄ ቆመ። ከሥራ አድሬ ደክሞኛል፣ ፈርቻለሁም። በሩን ሳልከፍት «እግዚአብሔር ይስጥህ» አልኩት። ትንሽ ቆሞ ሄደ። መሶቡ ውስጥ እንጀራ ነበር። በላስቲክ ጠቅልዬ ደጁ ላይ ባስቀምጥለት ማንንም አይጎዳም ነበር። ጥንቃቄ አልነበረም ያደረግሁት። ስስት ነው፣ ጥንቃቄ የሚባል ልብስ የለበሰ። በኋላ የሰፈራችን ሴቶች በሶና ድርቆሽ እያዋጡ ጎጇቸው ድረስ ሲያደርሱ እኔም ተጨመርኩ። ያ ልጅ ግን ከእነሱ መካከል አልነበረም። አሁንም የተማሪ ድምፅ ስሰማ ቀድሜ የምወጣው ለዚህ ነው።

ስለ እጅ መታጠብ ደግሞ በጎንደር መናገር ቀላል አይደለም። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ላለ ሰው «በየሰዓቱ ታጠብ» ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያኔ ግን በዚህ ግቢ በር ላይ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ቧንቧ የተገጠመለት ቢጫ ጀሪካን ተቀመጠ። ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ ባዶ ሆኖ አላየሁትም። የራሷ ቤት ውሃ ሳይኖራት ተሸክማ መጥታ የምትሞላ እናት ነበረች፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሳሙናው በገመድ ታስሮ ነበር። ያ ጀሪካን ያዳነን ከኮሮና ብቻ አይደለም፤ የተቅማጡንም በሽታ ሲከላከልልን ከርሟል።

ዛሬ ስገባ አየሁ። ድንጋዩ እዚያው አለ። ጀሪካኑ የለም።

ነገ አንድ ጀሪካን ከነቧንቧው አመጣለሁ። ሰኞና ሐሙስ ውሃውን እኔ እሞላለሁ። የቀሩትን ቀናት ማን እንደሚይዝ፣ እባካችሁ፣ ጠበል ጻድቁን ቀምሰን ሳንበተን እዚሁ እንነጋገር።