ጉዳዩ የራሷ ሲሆን፦ ለአዋላጅ ነርሶችና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮች፣

ጠዋት ጠዋት በየጤና ጣቢያው ተራ ለሚጠብቁ ነፍሰ ጡሮች ትምህርት ይሰጣል። ባለሙያዋ ስለ ደም ማነስ ታስረዳለች፤ የእናቶቹ ዓይን ግን ካርድ በሚጠራበት በር ላይ ነው። ይህ ንቀት አይደለም። አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ስለሆነ የራሱን ጉዳይ ያስቀድማል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኔቪል ሞሬይ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ሙከራ፣ ሰዎች በአንድ ጆሯቸው የሚሰሙትን ቃል በቃል እየደገሙ ሳለ በሌላው ጆሯቸው ሌላ ንግግር ይለቀቅ ነበር። ከዚያኛው ንግግር ምንም ያህል አላስታወሱም። ስማቸው ሲጠራ ግን ሲሶ ያህሉ ሰሙ። ሲሶ ብቻ! ስም ጠርቶ የተለመደውን ትምህርት መቀጠል ብዙ የማያስኬደው ለዚህ ነው።

ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ሰውየው መረጃውን ራሱ ከራሱ ጋር ሲያያይዘው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሮጀርስና ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት፣ «ይህ ቃል አንተን ይገልጻል?» የተባሉት ሰዎች ስለ ቃሉ ድምፅ ወይም ፍቺ ከተጠየቁት የበለጠ ቃላቱን አስታውሰዋል።

ለነፍሰ ጡሮች ደም ማነስን ለመከላከል የሚሰጠውን ኪኒን፣ አይረን ፎሌትን እንውሰድ። «60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ አለው፤ በቀን አንድ» ማለት ትክክል ነው፤ ግን የማንም ጉዳይ አይደለም። ወደ አንዷ ዞር በሉና «እህቴ፣ እቤት ቡና የሚፈላው መቼ መቼ ነው?» በሏት። «ጠዋትና ከምሳ በኋላ» ካለች፣ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ እንደሚያግዱ፣ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልዩነት እንደሚያስፈልግ ንገሯት። ቀጥሎ «ታዲያ ኪኒኑን መቼ ብትውጪው ይመችሻል? የትስ ታስቀምጪዋለሽ?» በሉ። መልሱን አትስጧት፤ «ማታ ስተኛ፣ ከመቅረዙ አጠገብ» የምትለው እሷ ትሁን። ሰገራዋ ሊጠቁር እንደሚችልም አስቀድማችሁ ንገሯት። ካልሰማች ጽንሱ የተጎዳ መስሏት ኪኒኑን ትተወዋለች።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው አለ። ጉዳዩ የራስ ሲሆን ስጋትም ይጨምራል። ሊበርማንና ቼይከን እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጥናት፣ ካፌይንን ከጡት ሕመም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ ያነበቡ ቡና ጠጪ ሴቶች የሚያሰጋውን ክፍል አጥብቀው ተቹ፤ የሚያጽናናውን ግን በቀላሉ ተቀበሉ። «ቡና ካልተውሽ ልጅሽ ይጎዳል» ብትሏት የምታስበው የቡና ጠጪ ጎረቤቷን ጤነኛ ልጅ ነው። የአንድ ሰዓት ልዩነት ብትጠይቋት ግን የምትከራከርበት ነገር የለም።

የኤችአይቪ ውጤትን፣ የባልን ጠባይ፣ ያለፈ ውርጃን በሰው ፊት ፈጽሞ አትጠይቁ። ያ ለብቻዋ፣ በር ተዘግቶ የሚነሳ ነው።

በአንድ ጠዋት አንድ መልእክት ብቻ ያዙ። የመረጠችውን ሰዓት ካርዷ ላይ ጻፉት። በቀጣዩ ክትትል፣ ደም ግፊቷን ከመለካታችሁ በፊት፣ «ማታ ያልሽው ሰዓት ተስማማሽ?» ብላችሁ ጀምሩ። ካልተስማማት ሌላ ሰዓት ራሷ ትምረጥ።

አመሰግናለሁ።