ጉሮሮዬን ያመኛል

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የትምህርት ቤት ክፍያን ነገር እንደማነሣ ነግሬአችሁ ነበር፤ ይቆየን። የእሑዱ ነገር ከሆዴ አልወጣም። እሱን ውጬ ስለ ሌላ ባወራ ድምፄ ያሳብቅብኛል፤ እናንተ ደግሞ ድምፄን ታውቁታላችሁ።

ዳማ፣ ዊልቸሬ፣ ደህና ናት። የፊት ቀኝ ጎማዋ አሁንም ትንጫጫለች። ዘይት ቀቢያት እያላችሁ ለምትጽፉልኝ ሁሉ፦ ቀብቻታለሁ፤ ትንጫጫለች። ልጄ አቡሽም ደህና ነው። አሁን ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ይዟል፤ ሳይመለስ ልናገር።

እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ወጣን። በዚህ ወቅት ድሬ ላይ ከዚያ በፊት ከልጅ ጋር አይወጣም፤ ፀሐይ ላይ የቆመች ዊልቸር የእጅ መግፊያ ብረቷ መዳፍ ይልጣል። ጥሩ ውጤት ካመጣ አይስክሬም ልጋብዘው ቃል ገብቼለት ነበር፤ አመጣ። ቦታውን ራሱ መረጠ፤ ከዚራ ሰፈር ያለውን፣ የክፍሉ ልጆች ሁሉ የሚያወሩለትን አዲሱን ቤት። ስሙን አልጠራም፤ እንደ እሱ ያሉ ብዙ ናቸው። ባጃጁ ውስጥ እኔ ከኋላ፣ ዳማ ታጥፋ ከጎኔ፣ አቡሽ ደግሞ በዚያች በጠባቧ ቦታ ተሸጉጦ መንገዱን ሙሉ ይዘፍናል። መዝፈኑን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚራን እወደዋለሁ። ድሬ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ አብራው የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ያኔ ከዚራን የቀየሱት ሰዎች መንገዱን ሜዳ ላይ ቀጥ አድርገው ዘረጉት፤ ዛፉ ዛሬም ጥላ ይሰጣል። ዳማን በገዛ እጄ እየገፋሁ፣ ማንንም ሳላስቸግር፣ ከልጄ ጋር ጎን ለጎን እያወራሁ የምሄድበት ሰፈር ቢኖር እሱ ነው። ፈተናው ከአስፋልቱ ወርጄ በሩ ጋ እስክደርስ ያለችው ጥቂት እርምጃ ናት። መጀመሪያ ቦይ አለ፤ ክዳኑ ወይ ተሰብሯል ወይ በሁለት ክዳን መካከል ያለው ክፍተት የፊት ጎማዬን ቀርጥፎ ይይዛል። ከዚያ ከፍ ያለ መሠረት፣ ከዚያ ደረጃ። ወለላቸውን ከፍ የሚያደርጉበት ምክንያት ይገባኛል። የሐምሌ 1998ቱን የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ቤቱን ከፍ አድርጎ ቢሠራ አልፈርድበትም። ከፍ ያድርገው። ግን ከፍ ያደረገው ሰው መውጫውንም ያስብ እንጂ።

ቤቱ ጋ ደረስን። አቡሽ እንደ ልማዱ ቀደመኝ፤ ሁልጊዜ ሮጦ ሄዶ አይቶ ይመለሳል፣ «አንድ ናት» ወይም «የለም፣ ግቢ» ይለኛል። ማንም አላስተማረውም። እሑድ ግን ሄደና ቆመ። ጀርባው ነው የሚታየኝ። ሦስት ደረጃ ነው። በግራ በኩል ራምፕ፣ ለጎማ ተብሎ የሚሠራው ተዳፋት መውጫ፣ አለ፤ ስለ እሱ አሁን እናገራለሁ። የአቡሽ ጭንቅላት ወደ ግራ ዞረ፣ ራምፑን አየ፣ ተመለሰ። በሩ ጋ ወንበር አውጥተው የተቀመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ አንዱ እኔን ሲያይ ከወዲሁ ተነሣ። የመስታወቱ በር ተከፈተና በአቡሽ ዕድሜ ያለች ልጅ አይስክሬሟን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። አቡሽ እሷንም አያት። ከዚያ ዞሮ መጣ። ሮጦ አልመጣም፤ እየተራመደ ነው የመጣው።

«እማዬ፣ እኔ አልፈልግም» አለኝ።

«ምኑን?»

«አይስክሬሙን። ጉሮሮዬን ያመኛል።»

መንገዱን ሙሉ ሲዘፍን የመጣ ልጅ ነው።

እስካሁን ቅደም ተከተሉን እየመላለስኩ ነው። ደረጃውን አይቶ ነው? ራምፑን አይቶ ነው? ወይስ የተነሣውን ወጣት አይቶ? ልዩነቱ ለእኔ ትልቅ ነው። ደረጃውን አይቶ ከሆነ ለእኔ ብሎ ነው የተወው፤ ሰባት ዓመት ልጅ የእናቱን ድካም አስልቶ የራሱን ጉጉት አጠፈ ማለት ነው። ወጣቱን አይቶ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለዳግማይ ትንሣኤ ፎቶ ልንነሣ የሄድንበትን ቀን ነግሬአችኋለሁ። ያኔም ወጣቶች ተነሡ። የድሬ ልጅ ደግ ነው፤ እስኪለምኑት አይጠብቅም፣ «ነይ አቦ፣ እናንሳሽ» ብሎ ተነሣ ማለት አንሥቶሻል ማለት ነው። አራት ሆነው ከነዳማ ወደ ላይ ሰቀሉኝ። አንዱ በእጅ መደገፊያዋ ያዛት፤ መደገፊያው ደግሞ ተነቃይ ነው፣ ብድግ ሲል እጁ ላይ ቀረ። ተንገዳገድን። ቀሚሴ ጎማው ውስጥ ገባ፣ አንድ ጫማዬ ወደቀ። የማላውቀው ሰው ክንድ ከብብቴ ሥር ነበር። ሁሉም በቅንነት ነው፣ አንዳቸውንም አልወቅስም። አቡሽ ጫማዬን አንሥቶ በደረቱ አቅፎ፣ እስኪያስቀምጡኝ ድረስ ቆሞ አየ። ፎቶው ላይ አንዳችንም አልሳቅንም።

ያን ቀን ፊቱን ልብ ብዬ አላየሁትም። እሑድ የተነሣውን ወጣት ሲያይ ያ ትዝ ብሎት ከሆነስ? ሰው እናቱን እንዳይነካት ብሎ ከሆነስ? ወይም… ይህን ማለት ይከብደኛል… አፍሮ ከሆነስ? የክፍሉ ልጅ ብትሆንስ ያቺ አይስክሬም የያዘችው? ለምን አያፍርም፣ ልጅ ነው። አይ፣ አላፈረም። አላውቅም። እህቴ «ልጅ ነው፣ ጉሮሮውን አሞት ይሆናላ፣ ምን ታበዢዋለሽ» አለችኝ። እሷም እውነቷን ሊሆን ይችላል።

ራምፑን እናገራለሁ ብያለሁ። እዚህ ላይ ብናደድ አትታዘቡኝ። አንድ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ ሦስቱ 45 ይሆናሉ። በዓለም ላይ የተለመደው ልክ ለአንድ ክንድ ቁመት አሥራ ሁለት ክንድ ርዝመት ነው፤ ስለዚህ ለ45 ሳንቲ ሜትር 5 ሜትር ከ40 ያስፈልጋል። እዚያ ያለው በዓይኔ ስለካው ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነው፤ በውኃ ታጥቦ ሳይደርቅ ጫማ ያደረገ ሰው እንኳን ይንሸራተትበታል። ሥሩ ላይ ሞተር ሳይክል ቆሟል። ዳማን ወደዚያ ባወጣት ወደ ኋላ ትገለብጠኛለች። ታዲያ ይህ ለማን ተሠራ? ለእኔ አልተሠራም። ሲፈትሹ «አለ» ለማለት ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር የሚሄዱትንም፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት የማይችሉትንም የሚያስገባ መግቢያ ይኑረው ብሏል። መጸዳጃ ቤቱም እንዲሁ። አገሪቱ ዓለም አቀፉን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ነው። አቡሽ አልተወለደም ያኔ። አዋጁ ከልጄ በዕድሜ ይበልጣል፤ ልጄ ግን በአዲስ ሕንፃ በር ላይ ቆሞ ደረጃ እየቆጠረ ነው። አሮጌውን ቤት አፍርሱ አላልኩም። በሲሚንቶ ገና ትናንት የተለሰነውን ነው የምለው።

አሮጌ ስል ሐረር ትዝ አለኝ። ጀጎል ግንቡ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው፤ መንገዱ ድንጋይ፣ ጠባብ፣ ወደ ላይ ወደ ታች። እዚያ ዳማ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች ወገቤን ትቆርጠዋለች፤ ቢሆንም ጀጎልን «ለምን እንዲህ ሆንክ» ብዬ አልጠይቀውም። የደንገጎን ዳገት ወጥተን የትምህርት ቤት ጓደኛዬ እናት ቤት የሄድን ጊዜ፣ የሐረሪ ቤት እንደምታውቁት ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተሠራ ነው፣ ነደባ ይሉታል። በሩ ላይ ቆሜ «እዚሁ እሆናለሁ» አልኩ። እናቷ መጡና ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ በየት በኩል ብንይዝሽ ይመችሻል?» አሉኝ። ጠየቁኝ! ነገርኳቸው። ጓደኛዬና እሳቸው፣ ልክ እንዳልኳቸው፣ ቀስ ብለው ከፍ ካለው ነደባ ላይ አስቀመጡኝ፤ ትራስ ደገፉልኝ። አቡሽ ጎኔ ተቀምጦ ያለ ሥጋት ሲበላ ዋለ። ያ ቤት ደረጃው ከከዚራው አይስክሬም ቤት የባሰ ነው እኮ። ምን ልል ነበር? መጠየቃቸው… አይ፣ ሰው ሁሉ በጨዋነት ቢጠይቅ ደረጃው ይቅር ይባል ማለቴ አይደለም። በዚያ በኩል እንዳትወስዱብኝ። በየቀኑ እየተጠየቁ መኖርም ይደክማል። ሁለቱንም እፈልጋለሁ መሰለኝ።

እና እሑድ «እሺ» አልኩት። «ጉሮሮህን ካመመህ ይቅር» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል? መሐል መንገድ ላይ «ውሸትህን ነው» ልለው? ወደ ታች ዞር ብለን ሙሸበክ፣ ያንን ጣፋጭ፣ የምትሸጥ ሴት አገኘን፤ ሜዳ ላይ ነው የምትሸጠው። አቡሽ በላ፣ ጣቱን ላሰ፣ ጉሮሮው አንድም አላስቸገረው። «እዚህ ይሻላል፣ ሜዳ ነው» አለ። ይሻላል ያለው ሙሸበኩን ይሁን ሜዳውን አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ወዲህ ልብ ስለው፣ ይህ ልጅ የከተማውን በሮች በቃሉ ይዟል። የትኛው ባንክ ጠፍጣፋ መግቢያ እንዳለው ያውቃል። የትኛው ግቢ የብረት በሩ ላይ ያለችው ትንሿ በር ከፍ ያለ ደፍ እንዳላት ያውቃል። አንድ ቦታ ጥበቃው «ትልቁ በር የሚከፈተው ለመኪና ነው» ሲለኝ፣ አቡሽ ከእኔ ቀድሞ «እናቴም ጎማ አላት» አለው። ሰውዬው ከፈተ። ያን ቀን ስቄ ስቄ ለሰው ሁሉ ነገርኩ፤ ለእናንተም ነግሬአችኋለሁ። አሁን ሳስበው ሳቁ አይመጣልኝም። ስድስት ዓመቱ ነበር። ስድስት ዓመት ልጅ ከጥበቃ ጋር የሚከራከርበት ምን ጉዳይ አለው?

ግን ደግሞ ኮራሁበት። ዛሬም እኮራለሁ። ምን ላድርግ።

ሌላም አለ። ለመጪው ቅዳሜ የክፍሉ ልጅ ልደት ተጠርቷል። ካርዱ ላይ አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ይላል፤ ሊፍት ይኑረው አይኑረው አልተጻፈም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደውዬ እጠይቃለሁ። እሱ ግን ካርዱን ሲሰጠኝ «እማዬ፣ እንዳትደውዪ» አለኝ። «ለምን?» ብለው «ዝም ብለሽ» አለ። መሄድ እንደማይፈልግ ደግሞ አልነገረኝም፤ የሚለብሰውን ሸሚዝ መርጦ ሰቅሎታል። ብደውል ቃሉን አፈረስኩ። ሳልደውል ብሄድና ደረጃው ሥር ብንቆም፣ እንደገና ጉሮሮው… እህቴ ትውሰደው እንዳልል፣ ያ ደግሞ የባሰ ይመስለኛል። ወይም ላይመስለው ይችላል፣ ለእሱ። ነገ ጠዋት ቁርስ ላይ ልጠይቀው አስቤአለሁ፣ ግን እንዴት ብዬ እንደምጀምር… ቆይ፣ የውጭው በር ተንኳኳ፤ መጣ መሰለኝ። ልዝጋው።