ርዕሱን ቀይረው

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከመንዝ፣ ከተጉለትና ከቡልጋ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? በዚህ የደብረ ብርሃን ብርድ ማልዳችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ስለ አካዳሚክ ነፃነት፣ መምህርና ተማሪ ሳይፈሩ ስለመጠየቅ፣ ስለመመርመርና ስለማስተማር እንድናገር ተጋብዣለሁ። ቃሉ የቢሮ ቃል ይመስላል፤ ከገበሬው ማሳና ከእናንተ ጓዳ የራቀ። ስለዚህ ከሕጉ አልጀምርም። ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ አስተምር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን የማማክረው ተማሪ አንድ ቀን ቢሮዬ መጣ። የገበሬ ልጅ ነው። ፕሮፖዛሉን በእጁ ጽፎ ይዟል። ማወቅ የፈለገው ቀላል ነገር ነበር። ማዳበሪያ አባቱ ቀበሌ የሚደርሰው ለምንድን ነው የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ? መጋዘን ውስጥ ስንት ቀን ይቀመጣል? ማን ፈርሞ ያስወጣዋል? አነበብኩት። ጥሩ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን መለስኩለትና «ርዕሱን ቀይረው» አልኩት።

ማንም አላዘዘኝም። ማንም አልደወለልኝም። በዚያ ሰሞን ግን አንድ ባልደረባዬ በጻፈው ነገር ምክንያት ግምገማ ላይ ስሙ ሲነሳ ሰንብቷል። እኔም የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ። ተማሪውስ መረጃ ሊሰበስብ ወረዳ ሲሄድ «ማን ላከህ?» ቢሉት ምን ይመልሳል? ፈራሁ። እርሱም ቀየረው። ስለ አርሶ አደሮች የማዳበሪያ አጠቃቀም ግንዛቤ ጻፈ። ጥሩ ውጤትም አገኘ።

እስኪ ምን እንደሠራን እዩት። ጥያቄውን ከመጋዘኑ አንስተን ገበሬው ላይ አዞርነው። ጽሑፉ ሲያልቅ ገበሬው ግንዛቤ ይጎድለዋል የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። የልጁ አባት ማለት ነው። ማዳበሪያ ጠብቆ ጠብቆ ያጣው ሰው።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። እኔም ያን ቀን በዚህ ተረት ራሴን አጽናንቻለሁ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል። የሚበላውም እህል የሌላ ሰው ነው።

ገብስና ስንዴ የምትዘሩ ወላጆች ይህን ብትሰሙልኝ እወዳለሁ። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል የሩሲያ ሳይንቲስት በእኛ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። በበቅሎ እየተጓዘ የስንዴና የገብስ ዘር ሰበሰበ። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ሰብሎች በብዙ ዓይነት ከሚገኙባቸው ማዕከላት አንዷ መሆኗን ጻፈ። አያቶቻችን በየዓመቱ እየመረጡ ያቆዩትን ዘር ዓለም እንዲያከብረው አደረገ። በኋላ በአገሩ ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል ሰው ተነሣ። የዘረ መልን ሳይንስ አይቀበልም። ማስረጃው ደካማ ነበር፤ ከጀርባው ግን ስታሊን ነበር። ቫቪሎቭ በ1932 ታሰረ። በ1935 እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎድቶ ሞተ። ሰው እንዳይራብ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ዘር ሲሰበስብ የኖረ ሰው! በ1940 ደግሞ የዘረ መል ትምህርት በሶቪየት ኅብረት በይፋ ተወገዘ፤ የሚያስተምሩትም ከሥራቸው ተባረሩ። እርሻቸውም ዕውቀታቸውም ለብዙ ዓመታት ተጎዳ።

ሩቅ አገር አልሂድባችሁ። የዚህችን ከተማ ስም እናንሣ። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ ከሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም እዚህ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። የማናነሣው ክፍልም አለ። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው ብርሃኑ የታየው ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት በድንጋይ ተወግረው ከተገደሉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው። በሃይማኖት ጉዳይ ከንጉሡ የተለየ አቋም ነበራቸው። ማን ልክ ነበር ብዬ ዛሬ አልፈርድም። ይህን እዚህ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ሊከብዳችሁ እንደሚችልም አውቃለሁ። ግን ስለ ነፃነት ለመናገር መጥቼ ይህን ብዘለው በራሴ አፍራለሁ።

እነዚያ ሰዎች በራሳቸው አንደበት ምን ይሉ እንደነበር ዛሬ ማንበብ እንችላለን። የግዕዝ ጽሑፎቻቸውን መርምረው፣ ተርጉመው ካቀረቡልን ሊቃውንት ዋነኛው የዚሁ የሸዋ ልጅ፣ የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። ደርግን በግልጽ ይተቹ ነበር። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ ሄደው በጥይት መቷቸው። ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ በሰው አገር፣ በሚኒሶታ ብርድ ውስጥ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት እያነበቡና እየመዘገቡ ኖሩ። በ2013 ዓ.ም. እዚያው አሜሪካ አረፉ። እኔ እርሳቸውን ሳስብ ጥይቱን ብቻ አላስብም። ያን ሁሉ ዓመት እዚህ ሆነው ሊያስተምሯቸው ይችሉ የነበሩትን ተማሪዎች አስባለሁ። ከእነርሱ አንዱ እኔ ልሆን እችል ነበር።

የደርግ ጊዜ አለፈ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ከ40 የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ባንድ ጊዜ ተሰናበቱ። የቀዶ ሕክምናው ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። ሌላ መንግሥት፣ ሌላ ምክንያት፤ በጥይት ፈንታ የስንብት ደብዳቤ።

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ደንግጓል። በ2011 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 የአካዳሚክ ነፃነትን በስሙ ጠርቶ ያውቀዋል። በ2015 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እንዲሆኑ የሚያስችል አዋጅ ወጣ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆነ። ጥሩ ነው፤ እኔም ተስፋ አደርግበታለሁ። አንድ ነገር ግን እንዳይደባለቅብን። ራስ ገዝ የሚሆነው ተቋሙ ነው። የመምህሯና የተማሪው ነፃነት ሌላ ጉዳይ ነው። ከሚኒስቴር ትእዛዝ የወጣ ግቢ በራሱ አለቆች ፍርሃት ሊተዳደር ይችላል። ገንዘብህን ራስህ አምጣ የተባለ ዩኒቨርሲቲም ገንዘብ የሚሰጠውን ላለማስቀየም ሲል «ርዕሱን ቀይሩት» ሊል ይችላል።

ታዲያ ጥበቃ ስል ምን ማለቴ ነው? የድጋፍ ደብዳቤውን ውሰዱት። ተማሪ መረጃ ለመሰብሰብ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ደብዳቤ ይዞ ይዞራል። አንዱ ቢሮ ጥያቄው ካልጣመው «ነገ ና» ይለዋል። ነገ ደግሞ ስብሰባ ነው። ጥናቱ እዚያው ይሞታል። ይህን የተዘጋ በር ዩኒቨርሲቲው ራሱ ደውሎ፣ ሰው ልኮ ማስከፈት አለበት። ተማሪውን ብቻውን መላክ የለበትም። የርዕሱን ጥራት የሙያው ሰዎች ይመዝኑት፤ የሚያስቀይመው ሰው ካለ ግን ርዕስ ለመጣል ምክንያት ሊሆን አይገባም። ተፈናቅለው በዚህች ከተማ የተጠለሉ ወገኖቻችን ምን እንደደረሰባቸው የሚያጠና ሰው ወረቀቱን ሻንጣ ሥር መደበቅ የለበትም። በጽሑፉ የተከሰሰ መምህር ካለም በጽሑፍ ይሞገት። ደመወዙን ይዞ ማስፈራራት ሙግት አይደለም።

እኛም መምህራን ንጹሕ አይደለንም። ለራሳችን ነፃነት እየጮኽን፣ ክፍል ውስጥ የተቃወመንን ተማሪ በማርክ የምንቀጣ አለን። የተማሪን ስም አይተን ብሔሩን የምንገምት፣ ከዚያም ሐሳቡን ሳንሰማ የምንመዝን አለን። በቅኔ ቤት ተማሪው መምህሩ ፊት ቆሞ የራሱን ቅኔ ይቀኛል። መምህሩ ያርመዋል፤ ቅኔው ካማረ ደግሞ በአድናቆት ይቀበለዋል። «ማን ላከህ?» አይለውም። ይህ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም፤ የራሳችን ነው።

ያ ተማሪ አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ፕሮፖዛሉንም አላስቀረሁትም። ርዕሱን ግን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ማዳበሪያ ከመጋዘን እስከ ማሳ፦ የሚዘገይበት ቦታና ምክንያት» ይላል። ዘንድሮ ልሥራው የሚል ተማሪ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ፣ ስጨርስ በር ላይ እጠብቀዋለሁ። አማካሪው እኔ እሆናለሁ። ወረዳም አብሬው እሄዳለሁ።

አመሰግናለሁ።