የበረዶ ሳይክል ፍሬን ሲሰምጥ፦ አየሩን ቤት ውስጥ እናውጣው

[ምስል፦ ሳይክሉ መቆሚያ ላይ፣ ሰፊው ጎማ በቅርበት]

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች! ዛሬ በዘይት የሚሠራውን የፊት ፍሬን ነው የምንሠራው። ጓንት አጥልቁ፣ መነጽር አድርጉ፣ መሬቱ ላይ ካርቶን አንጥፉ።

ይቺ ጎማዋ አራት ኢንች የሚሰፋው ፋት ባይክ ናት። እዚህ ሚኒሶታ በረዶው ሲወርድ ብዙ ሰው የሚነዳት እሷን ነው። ሰርሊ የተባለው የብሉሚንግተን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ፐግስሊ የምትባለዋን ካወጣ ወዲህ፣ በረዶ ላይ ሳይክል መንዳት እብደት መሆኑ ቀርቷል። ሚኒያፖሊስ ያለው ቲዮዶር ዊርዝ ፓርክ ሄዳችሁ እዩ፣ በረዶው ተደልድሎ መንገድ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ግን ቁልቁለት አለው! ቁልቁለት ካለ ደግሞ ፍሬን ያስፈልጋል።

እስቲ ፍሬናችሁን ጨብጡት። እጀታው መሪውን ሊነካ ደረሰ? ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ ስትጨብጡት ደግሞ ጠንከር አለ? አየር ገብቷል። ብርዱ አይደለም፣ አየር ነው። ብርድ ሥራው ሌላ ነው፤ ዘይቱን ያወፍረዋል፣ እጀታውን ስትለቁት እየተጎተተ ይመለሳል። ከሰመጠ አየር፣ ተጎትቶ ከተመለሰ ብርድ። ይቺን ያዙልኝ።

አየር ለምን ያሰምጠዋል? አሁን አዲስ አበባ እንሂድ። ጠዋት ነው፣ ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ሚኒባስ፣ ሰዓቱ የሥራ መግቢያ። ውስጡ መርፌ መጣያ የለም። ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ በሩ ላይ ያለውን ሰውዬ ገፋ ያደርገዋል። ሰውዬው ተማሪዋን፣ ተማሪዋ ዘንቢል የያዙትን እናት፣ እናትየዋ ደግሞ ጥግ የተቀመጡትን አባት። የአባት ትከሻ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ወያላው እኮ አባትን አልነካቸውም! ግን ግፊቱ ደረሳቸው፣ ያውም ወዲያው። ቱቦ ውስጥ የሞላ ዘይት እንዲህ ነው፤ ከዚህ ስትገፉት እዚያ ይገፋል።

አሁን መሃል ላይ አንዱ የስፖንጅ ፍራሽ ጠቅልሎ ይዞ ገባ እንበል። አለ አይደል፣ እነዚያ ወፍራሞቹ። ወያላው ገፋ፣ ፍራሹ ተጨማደደ፣ አባት ምንም አልተሰማቸውም። ወያላው ለቀቅ አደረገ፣ ፍራሹ ተመልሶ ተነፋ። ደግሞ ገፋ፣ ደግሞ ተጨማደደ። በሩ አልዘጋ አለ! አየር ማለት ያ ፍራሽ ነው። የጣታችሁ ጉልበት ፍሬን ሸራው ጋ ሳይደርስ ፍራሹ ይበላዋል። የዛሬ ሥራችን ፍራሹን ከታክሲው ማውረድ ነው፣ ሌላ አይደለም።

ወደ ሥራው ልገባ ስል ግን አንድ ጥያቄ አላሳልፍ አለኝ። ባለፈው ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ «የመኪና ፍሬን ዘይት ቤት አለኝ፣ ዘይት ዘይት ነው፣ እሱን ልጨምርበት?» ብላችኋል። አይሆንም! በፍጹም። የመኪናው ዶት 4 ወይም ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ነው፣ ግላይኮል ከሚባል ኬሚካል የሚሠራ። ሺማኖና ማጉራ የሚባሉት የሳይክል ፍሬኖች የሚጠጡት ግን ሚኒራል ኦይል ነው፣ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ሌላ ዘይት። ውስጥ ያለው ጎሚኒ ለአንዱ ተብሎ ነው የተሠራው፤ ሌላውን ሲቀምስ ያብጣል፣ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ይነክሳል፣ ካሊፐሩም (ጎማው ጋ ፒስተኑንና ሸራውን የያዘው ክፍል) እጀታውም ይጣላል። በሃያ ዶላር ዘይት የሚያልቀውን ሥራ ሙሉ ፍሬን መግዣ አታድርጉት።

SRAM (ስራም) የሚባለው ፍሬን ሠሪ ደግሞ ለብዙ ዓመት ዶት ሲጠቀም ቆይቶ ዲቢ8 እና ማቨን የሚባሉት ፍሬኖቹ ላይ ሚኒራል አድርጓል። ስለዚህ በስም አትሂዱ፤ እጀታው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ዶት 5 የሚባለውንም ከዶት 5.1 ጋር አታምታቱ፤ ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ሌላ ነገር ነው።

«ሚኒራል ውኃ ስለማይጠጣ አይቀየርም» ያላችሁም አላችሁ። አይጠጣም፣ ልክ ናችሁ። ግን ውኃ ከገባ አይቀላቀልም፣ ታች ካሊፐሩ ውስጥ ይተኛል። በሚኒሶታ ብርድ እዚያ የተኛ ውኃ ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ።

[ምስል፦ ካሊፐሩ በቅርበት]

እሺ፣ ሥራ። የኔ ሺማኖ ነው። ሳይክሉ ከውጭ ከገባ ቤት ውስጥ ይሙቅ፣ ቀዝቃዛ ዘይት አረፋውን አይለቅም። ጎማው ይውለቅ፣ ፍሬን ሸራው ይውጣና ራቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ አንዲት ጠብታ ከነካችው አበቃ። በሸራው ቦታ ፒስተኖቹ እንዳይወጡ የምትይዘዋን ቢጫ ፕላስቲክ ክተቱ። እጀታውን ከመሬት ጋር አግድም አድርጉት፣ የላይኛዋን ብሎን በ2.5 ብሩጎላ ፍቱ፣ በቀዳዳዋ ላይ ዘይት መያዣዋን ማንቆርቆሪያ (ፈነል) እሰሩ፣ ትንሽ ዘይት ጨምሩባት። ታች ካሊፐሩ ላይ ባለችው የአየር ማውጫ ብሎን ዘይት የሞላውን ስሪንጅ ሰክታችሁ፣ ስሪንጁ ውስጥ አየር እንዳይኖር፣ ብሎኗን በ7 ቁልፍ አንድ ስምንተኛ ዙር ክፈቱና ዘይቱን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ግፉ።

እዩት እዩት! አዲሱ ዘይት ሐምራዊ ሆኖ ይገባል፣ አሮጌው ግራጫ ሆኖ ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ ይወጣል፣ መሃሉ ላይ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ዝጉ።

ቀጥሎ ስሪንጁን አውጥታችሁ ቱቦና ከረጢት ሰክታችሁ፣ ክፈቱና በራሱ ክብደት ይውረድ፤ ከላይ ዘይት እየጨመራችሁ፣ ቱቦውን በጣት እየመታችሁ። አረፋ ሲቆም ዝጉ። እጀታውን ጨብጣችሁ ይዛችሁ፣ የታችኛዋን ብሎን ለአፍታ ከፈት ዘጋ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። ከዚያ መሪውን ወደ ላይም ወደ ታችም ዘንበል እያደረጋችሁ ቀስ ብላችሁ ጨብጡ። ጠነከረ? ማንቆርቆሪያዋን በቡሽዋ ድፈኑና አንሱ፣ ብሎኗን ከነቀለበቷ መልሱ። ዘይት ሲፈስ አትደንግጡ፣ አየር እንዳይቀር መፍሰስ አለበት።

ሁሉንም በአልኮል ጥረጉ፣ ሸራውን መልሱ፣ ጎማውን እሰሩ። አሁን ባላችሁ ጉልበት እጀታውን ጨብጣችሁ አሥር ሰከንድ ያዙ። ከሰመጠ ወይም ከረጠበ አትንዱት፣ እንደገና ነው። ከያዘም መጀመሪያ ደጃፋችሁ ላይ፣ በእርምጃ ፍጥነት ሞክሩት።

አሮጌውን ዘይት ማጠቢያ ውስጥ እንዳትደፉ አደራ። ሄኔፒን ካውንቲ ያላችሁ ብሉሚንግተን ወይም ብሩክሊን ፓርክ ካለው መቀበያ ውሰዱት። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ በሚቀጥለው የኋላውን ፍሬን እንሠራለን፤ ቱቦው ስለሚረዝም አየሩም ያስቸግራል።